የእሾህ አክሊልን በአዳማ ግቢ መትከል፦ ከቁራጭ እስከ አበባ

«በአዳማ ፀሐይ ሳይጠወልግ ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ ምን ልትከል?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። መልሴ ሁሌም የእሾህ አክሊል ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ያው ሰው ይመለስና «ክረምት ላይ በሰበሰብኝ» ይለኛል። ወይም «ቅጠል ብቻ ሆነ፣ አበባ የለውም»። ስለዚህ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፈው።

የእሾህ አክሊል ወፍራምና እሾሃማ ግንድ ያለው፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ቢጫ ወይም ነጭ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ዩፎርቢያ ሚሊ ይባላል። የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው። የኛው ቁልቋል ዘመዱ ነው፤ ሲቆረጥ ያው ነጭ ወተት ይወጣዋል። አንዴ ሥር ከያዘ ለዓመታት ይኖራል። ውሃ ግንዱ ውስጥ ስለሚያከማች ድርቅን ይችላል።

አዳማ ለዚህ ተክል የተመቸች ናት። ፀሐይ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ውርጭ አያሰጋም። ሙቀቱ አይገድለውም። የሚገድለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥሩ ሥር የሚቆም ውሃ ነው። ከታች ካሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ውሃው እንዳይቆም የሚደረጉ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ወተቱን ተጠንቀቁ

ይህን ከፊት ያስቀመጥኩት ሳይነበብ እንዳይታለፍ ነው። ነጩ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ዓይን ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ከተበላ አፍና ሆድ ያቆስላል።

- ስትቆርጡ ጓንትና መነጽር አድርጉ። የፀሐይ መነጽርም ቢሆን ከምንም ይሻላል።
- ጓንት ባደረጋችሁበት እጅ ፊታችሁን አትንኩ። ሰው ዓይኑን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ላቡን ሲጠርግ ነው።
- ዓይን ከገባ ወዲያውኑ በንጹሕ ወራጅ ውሃ፣ የዓይኑን ቆብ ከፍታችሁ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ጤና ተቋም ሂዱ። የላም ወተትም ሆነ ሌላ የቤት መድኃኒት አትጨምሩበት።
- የተቆረጠውን ትርፍራፊ አታቃጥሉ። ጭሱም ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ለከብትም አትስጡ። ቅበሩት ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራችሁ ጣሉት።
- ዳዴ የሚል ልጅ ባለበት ቤት መሬት ላይ አትትከሉት። እሾሁ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጤነኛ ተክል ወይም ከጎረቤት የተለመነ ቅርንጫፍ
- ስለታም ቢላዋ ወይም የአትክልት መቀስ፣ መጥረጊያ አልኮል
- ወፍራም ጓንትና መነጽር
- በንጹሕ ውሃ የተሞላ ባልዲ፣ አሮጌ ጨርቅ ወይም ጋዜጣ
- የተፈጨ ከሰል፣ አንድ እፍኝ
- ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ወይም ፑሚስ (ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)
- አሸዋማ አፈርና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት
- ከሥሩ የተበሳ የሸክላ ማሰሮ። ከሌለ የቀለም ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን በስታችሁ ተጠቀሙ።

ሬድ አሽና ፑሚስ አዳማ ላይ መፈለግ አያስፈልግም። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ዘንድ ክምር አለ። አንድ ከረጢት ለብዙ ማሰሮ ይበቃል። ሌላ ከተማ ያለ አበባ ወዳድ የማያገኘውን ነገር እኛ በደጃችን አለን፤ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ምረጡ

ቁራጭ ለማስያዝ ምርጡ ጊዜ መጋቢትና ሚያዝያ ነው። አፈሩ ሞቃት ስለሆነ ሥር ቶሎ ይወጣል። ዋናው ዝናብ ሲገባ ተክሉ ሥር ይዞ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ምርጫ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ሥር ማውጣቱ ይዘገያል እንጂ ይሆናል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አትቁረጡ። ቁስሉ ሳይደርቅ እርጥበት ያገኘዋል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ብዙ ሰው «ክረምት የችግኝ ወቅት ነው» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለዛፍ ችግኝ ልክ ነው። ለዚህ ተክል አይሠራም።

ደረጃ 2፦ ቦታውን ፈትኑ

ቢያንስ ለ6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ፈልጉ። ጥላ ውስጥም ይኖራል፤ ነገር ግን ግንዱ ይረዝማል፣ አበባው ይቀንሳል።

ቀጥሎ አፈሩን ፈትኑ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩና በውሃ ሙሉት። ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ ከአንድ ሰዓት በኋላ አሁንም ካለ ቦታው ውሃ ይይዛል ማለት ነው። ዋልካ አፈር ያለበት ግቢ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። እንዲህ ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ አትትከሉ። በብሎኬት ወይም በድንጋይ ዙሪያውን ከባችሁ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ የሚያርፍበት መስመር ላይ አትትከሉ። አሸንዳ የሌለው ቤት ሥር የተተከለ የእሾህ አክሊል ክረምትን አይሻገርም። ሁለተኛ፣ ወደ ምዕራብ ከዞረ የቆርቆሮ አጥር ግማሽ ሜትር ያህል አርቁት። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው የሚመልሰው ሙቀት ማሰሮውን እያጋለ ሥሩን ይጎዳል፤ በተለይ ጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ።

ደረጃ 3፦ አፈሩን ቀላቅሉ

2 እጅ ሬድ አሽ ወይም ፑሚስ፣ 1 እጅ አሸዋማ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት። መለኪያው ጣሳ ቢሆን ባልዲ ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ምጣኔውን ጠብቁ።

ሬድ አሹን መጀመሪያ ንፉት። የምትፈልጉት ከሽምብራ ብዙም የማይበልጠውን ጠጠር ነው። ዱቄት የሆነውን ጣሉት፤ ሲረጥብ ጭቃ ሆኖ ክፍተቱን ይደፍነዋል። የቀረውን ጠጠር በውሃ ለቅለቅ አድርጉት። ጠጠሩ የሚጠቅመው በመካከሉ አየር ስለሚተው ነው። ሥር የሚበሰብሰው አየር ሲያጣ ነውና።

ያልበሰለ ፍግ አትጨምሩ። አፈር ውስጥ ሲብላላ ይሞቃል፣ ለስላሳውን ሥር ያቃጥላል። የበሰለ ኮምፖስት የአፈር ሽታ እንጂ የበረት ሽታ የለውም።

ደረጃ 4፦ ቁራጩን ውሰዱ

ሙሉ ጤነኛ ከሆነ ተክል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የቅርንጫፍ ጫፍ ምረጡ። በጣም ለጋ አረንጓዴ አይሁን፤ ይበሰብሳል። ሙሉ በሙሉ የገረጣና እንጨት የሆነም አይሁን፤ ሥር ለማውጣት ይዘገያል። በሁለቱ መካከል ያለውን ውሰዱ።

ቢላዋውን በአልኮል ጥረጉና በአንድ ጊዜ ቁረጡ። መጋዝ አድርጋችሁ ከፈተጋችሁት ቁስሉ ይሻክራል፣ ፈንገስ በቀላሉ ይገባል።

ወተቱ ወዲያው መንጠባጠብ ይጀምራል። የቁራጩን የተቆረጠ ጫፍ ባልዲው ውስጥ ንከሩት፤ ወተቱ ረግቶ ይቆማል። እናት ተክሉ ላይ ያለውን ቁስልም ውሃ ርጩበትና የተፈጨ ከሰል ነስንሱበት። ከዚያ ከታችኛው 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ቅጠሉን አንሱ። አበባና እምቡጥ ካለውም ቀንጥሱት። ያሳዝናል፣ ግን ቁራጩ ያለውን ጉልበት ሥር ለማውጣት ይፈልገዋል።

ደረጃ 5፦ አድርቁት

ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄ ነው። ቁራጩን ጋዜጣ ላይ አጋድማችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ከ4 እስከ 7 ቀን ተዉት። የታይላንድ ዝርያ የሚባለው፣ ግንዱ ወፍራምና አበባው ትልልቅ የሆነው ከሆነ እስከ 10 ቀን ጠብቁ።

ዝግጁ መሆኑን በቀን ብቻ አትወስኑ፤ ጫፉን እዩት። ትኩስ ቁስል ነጣ ያለና የሚያጣብቅ ነው። የደረቀው ቡናማ ሆኖ ወደ ውስጥ ትንሽ ይሰበሰባል፣ በጥፍር ስትነኩት ደረቅ ቅርፊት ይሆንባችኋል። ይህ ቅርፊት ነው የአፈሩን ጀርም የሚከለክለው። ቅጠሉ በዚህ መሃል ቢጠወልግ ወይም ቢረግፍ አትደንግጡ። ግንዱ ውስጥ ስንቅ አለው።

ደረጃ 6፦ ትከሉት

ማሰሮውን በደረጃ 3 ድብልቅ ሙሉት። ድብልቁ ትንሽ የወዛ ይሁን፤ ጨብጣችሁ ስትለቁት መበተን አለበት። በእንጨት ቀዳዳ አድርጉና ቁራጩን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አስገቡ። በቢላዋ አትውጉ፣ ቁራጩንም በኃይል አትግፉ፤ ያ ሁሉ የጠበቃችሁት ቅርፊት ይላጣል። ዙሪያውን በጣት ጠቅጠቅ አድርጉ። የሚወላገድ ከሆነ በስንጥር ደግፉት፣ ምክንያቱም የአዳማ ነፋስ ሲያወዛውዘው የሚወጣው ቀጭን ሥር ይበጠሳል።

ትንሽ ማሰሮ ይሻላል፤ ስፋቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ሥሩ የማይደርስበት አፈር ረጥቦ ይከርማል።

ፌስታል አታልብሱት። የጽጌረዳ ቁራጭ ሲሸፈን ይወዳል። ይህኛው በእርጥበት ታፍኖ ይሞታል።

ደረጃ 7፦ ሥር እስኪይዝ

የተከላችሁ ቀን አታጠጡ። ከ5 እስከ 7 ቀን ጠብቃችሁ በትንሹ አጠጡ። ከዚያ በኋላ ላይኛው 3 ሴንቲ ሜትር ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ። ጣታችሁን አስገብታችሁ እዩ፤ ላዩን አይታችሁ አትፍረዱ፣ እዚህ አገር ላዩ በነፋስ በአንድ ቀን ይደርቃል።

ቦታው ብርሃን ያለው ጥላ ይሁን። የጠዋት ፀሐይ ጥሩ ነው፤ የቀትሩን ከልክሉት።

ሥር ለማውጣት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ጫፉ ላይ አዲስ ቅጠል ብቅ ሲል ብዙዎች «ያዘ!» ብለው ውሃ ያበዙበታል። ቅጠሉ ግንዱ ካከማቸው ስንቅ ሊወጣ ይችላል፣ ሥር ባይኖርም። እርግጠኛ ለመሆን ቁራጩን በጓንት ይዛችሁ በጣም በቀስታ ሳብ አድርጉት። አልነቀልም ካለ ሥር አለው። ከተነቀለ ጫፉን እዩ፤ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ መልሳችሁ ትከሉት፣ ለስላሳና ጥቁር ከሆነ በስብሷል።

ደረጃ 8፦ ወደ ቋሚ ቦታው ውሰዱት

ከጥላ አውጥታችሁ በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አታስጡት። ከችግኝ ጣቢያ ገዝታችሁ ያመጣችሁትም እንደዚሁ ነው፣ ብዙውን ጊዜ መረብ ሥር ያደገ ነው። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ስጡት፣ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ጨምሩለት። ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ካልተለማመደ ቅጠሉና ግንዱ ላይ የነጣ የቃጠሎ ጠባሳ ይወጣል፤ የግንዱ ጠባሳ አይጠፋም።

መሬት ላይ በተክልና በተክል መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ከሰው መተላለፊያ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ነጠላና ቀሚስ ይይዛል። ሲተከል በማሰሮው ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት አይውረድ። አንገቱ ከተቀበረ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ደረጃ 9፦ ውሃ በየወቅቱ

*በጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፦* መሬት ላይ ላለው በ10 ወይም በ15 ቀን አንዴ። በማሰሮ ላለው በ7 ወይም በ10 ቀን።

*ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከየካቲት እስከ ሰኔ መጀመሪያ፦* መሬት ላይ ላለው በሳምንት አንዴ ቢሆን አበባው አይቋረጥም። ማሰሮው የሸክላ ከሆነና ነፋስ የሚያገኘው ከሆነ በ4 ወይም በ5 ቀን ሊደርቅ ይችላል፤ ጣታችሁ ይወስን።

*ክረምት፦* መሬት ላይ ያለውን አታጠጡ። በማሰሮ ያለውን በረንዳ ሥር አስገቡት። ከማሰሮው ሥር ሳህን ካለ አንሱት፤ ውሃ የሚቆመው እሱ ላይ ነው።

ስታጠጡ ጠጥቶ ከሥሩ እስኪፈስ አጠጡ፣ ከዚያ እስኪደርቅ ተዉት። በየቀኑ በጣሳ ጠብ ጠብ ማድረግ ላዩን ብቻ ያረጥባል፣ ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል። ማሰሮው ጠርዝ ላይ ነጭ ጨው ካያችሁ፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ከሥሩ እስኪፈስ በዝናብ ውሃ ደጋግማችሁ አጠጡት።

ደረጃ 10፦ መመገብ

በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፦ መስከረም መጨረሻ ላይና መጋቢት ላይ። ለአንድ ተክል ሁለት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ በትኑ። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ካላችሁ መሬት ላይ ላለው ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለማሰሮ ከግማሽ አይበልጥ። መጀመሪያ አፈሩን አርጥቡ፤ ደረቅ ሥር ላይ ማዳበሪያ ያቃጥላል።

ዩሪያ አትስጡት። «ቅጠል ብቻ ሆነ» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ለጎመን ከገዙት ዩሪያ የጨመሩለት ናቸው። ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ግንዱ ለስላሳ ሆኖ ይረዝማል፣ አበባው ይጠፋል። ቅጠል ላይ የሚረጭ ማዳበሪያ ከገዛችሁም ቦሮን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳለው እዩ። ይህ ተክል ቦሮን ሲበዛበት የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል።

ደረጃ 11፦ ግረዙት

አበባው የሚወጣው በአዲስ እድገት ጫፍ አካባቢ ነው። ስለዚህ ብዙ ጫፍ ማለት ብዙ አበባ ማለት ነው። የረዘመውን ቅርንጫፍ በሲሶ ያህል አሳጥሩት፣ ከቆረጣችሁበት በታች ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ይወጣል። መጋቢት ላይ ግረዙ፤ የተቆረጠው ለቁራጭ ይሆናችኋል። ስትገርዙ ጓንቱና መነጽሩ አይቅር።

ችግር ሲመጣ

*ቅጠሉ ረገፈ።* በደረቅ ወር ከሆነ ውሃ እየቆጠበ ነው። ግንዱ ጠንካራ ከሆነ አጠጡት፣ ያወጣል። ያረጀው የግንዱ ክፍል ላይ ግን ቅጠል ተመልሶ አይወጣም፤ ቅጠል የሚያወጣው አዲሱ ጫፍ ነው። በክረምት ከረገፈና ቅጠሉ ቢጫ ከነበረ ውሃ በዝቶበታል።

*ግንዱ ከሥሩ ለሰለሰ።* አትጠብቁ። ከለሰለሰው በላይ ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት እዩ። መሃሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ወይም ቀለበት ካለ ብስባሹ ወደ ላይ ወጥቷል። ቢላዋውን በአልኮል እየጠረጋችሁ፣ ንጹሕ ነጭ እስኪመጣ በየ2 ሴንቲ ሜትር እየቀነሳችሁ ቁረጡ። ንጹሑን ክፍል ከደረጃ 5 ጀምሩት። የድሮውን አፈር መልሳችሁ አትጠቀሙበት።

*ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር በእሾሁ መሃል።* ተባይ ነው። በአልኮል የተነከረ ጥጥ በስንጥር ጫፍ ጠቅልላችሁ አንድ በአንድ ንኩት። ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ አመሻሽ ላይ ርጩ። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሩና ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ሳሙና የሚጎዳው ዝርያ አለ። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፣ እንቁላሉ በአንድ ጊዜ አያልቅም።

*ቅጠሉ ደብዝዞ ቀጭን ድር ታየበት።* ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ደረቅና አቧራማ ወራት ላይ ይመጣል። ጠዋት የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ግፊት እጠቡት። በመኪና መንገድ ዳር ያለ ግቢ ከሆነ አቧራውን በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ ይጠቅመዋል።

*ሁሉም ደህና፣ አበባ ግን የለም።* በቅደም ተከተል እዩ። በቀን ለ6 ሰዓት ፀሐይ ያገኛል? ዩሪያ ተሰጥቶታል? ከተገረዘ ስንት ጊዜ ሆነው? ሦስቱም ደህና ከሆኑና ተክሉ በዚህ ዓመት ከቁራጭ የተነሳ ከሆነ ጊዜ ስጡት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥር ላይ ነው የሚሠራው። መጋቢት ላይ የተቆረጠ ክረምቱን በደህና ካለፈ ከጥቅምት ጀምሮ እምቡጡን ከጫፉ ቅጠሎች መካከል ፈልጉ።